ኩሽኔታ ሲበላሽ ለምን ሦስት ሳምንት እንቆማለን? የአሠራር ማሻሻያ ሥራ የሠራችሁ ምከሩኝ

የቦርከና ልጅ (ኮምቦልቻ)
ማክሰኞ፣ ማታ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። እህታችሁ ነኝ ከኮምቦልቻ። ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ፋብሪካ ጥገና ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። ባለፈው ሳምንት ሥራ አስኪያጁ ጠርተው አንድ ኃላፊነት ሰጡኝ። የመለዋወጫ ግዢ የሚፈጀውን ጊዜ አሳጥሪ አሉኝ። ሦስት ወር ተሰጥቶኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአንድ ማሽን ኩሽኔታ ይበላል። መካኒኩ መጠየቂያ ይሞላል። ፎርማኑ ይፈርማል። የጥገና ኃላፊው ይፈርማል። ንብረት ክፍል "የለም" ብሎ ማህተም ይመታል። ፋይናንስ በጀት መኖሩን ያረጋግጣል። ግዢ ክፍል ሦስት ፕሮፎርማ ያሰባስባል። ከዚያ ገንዘብ ወጥቶ ሰው አዲስ አበባ ይላካል። ኩሽኔታው ሲደርስ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ሦስት ሳምንት አልፏል። ማሽኑ ቆሞ፣ ኦፕሬተሩም አጠገቡ ተቀምጦ ይጠብቃል።

የሚያሳስበኝ የሥራው ክብደት አይደለም። ከሁለት ዓመት በፊት የመጋዘን አደረጃጀት ላይ ሌላ የማሻሻያ ሥራ ነበረን። ወለሉ ቀለም ተቀባ። መደርደሪያው ላይ ስም ተለጠፈ። የልማት ቡድን ተቋቋመ፣ ሰርተፊኬት ተሰጠን። ስድስት ወር ሳይሞላ ሁሉም ወደ ድሮው ተመለሰ። ያኔ ቡድኑ ውስጥ ነበርኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ እየገባን የለፋንበት ነገር ሲፈርስ ማየት ያማል።

ይኼኛው እንደዚያ እንዲሆንብኝ አልፈልግም። ከየት ልጀምር? ሠርታችሁት እስካሁን የቆየ ነገር ካለ ንገሩኝ።


ሮቢት (ደሴ)
ማክሰኞ፣ ማታ 3፡15

አብሽሪ እህቴ። እኔ እንደሚመስለኝ ችግሩ ወረቀት ነው። ሲስተም አስገቡ። እኛ ጋ ኮምፒውተር ላይ ከሆነ ወዲህ ኃላፊው የትም ሆኖ በስልኩ ያጸድቃል። ሥራ አስኪያጁ በጀት እንዲፈቅዱ ጠይቂ።


ጡረተኛው (ደሴ)
ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡20

የኔ ልጅ፣ እኔ ሰላሳ ዓመት መንግሥት መሥሪያ ቤት ሠርቼ ነው የወጣሁት። የቢፒአርን ዘመን በደንብ አውቀዋለሁ። መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ እንለው ነበር። ያየሁትን አንድ ነገር ልንገርሽ።

የጥናት ቡድን ተቋቋመ። ለወራት ተቀመጥን። ነባሩን አሠራር ጻፍን፣ አዲሱን አሠራር ጻፍን፣ የተለጠጠ ግብ አስቀመጥን። ባለጉዳይ 13 ጠረጴዛ ይዞር ነበር። እኛ በአንድ መስኮት እንዲያልቅለት አደረግን። ሰነዱ ሲታይ ያምራል። ሥራው ሲጀመር ግን ምን ሆነ መሰለሽ? ባለጉዳዩ ወረቀቱን በመስኮት ይሰጣል። የመስኮቷ ሠራተኛ ያንኑ ወረቀት ይዛ 13ቱን ጠረጴዛ ትዞራለች። ባለጉዳዩ መዞር ቀረለት። ወረቀቱ ግን መዞሩን አላቆመም። የመፈረም ሥልጣኑ ወደ መስኮቱ አልወረደማ! ከጥናት ቡድኑ ውስጥ ደግሞ መስኮት ላይ የተቀመጠ አንድም ሰው አልነበረም። ብንጠይቃት በመጀመሪያው ቀን ትነግረን ነበር።

ስለዚህ ምክሬ ይኼ ነው። አንድ መጠየቂያ ወረቀት ያዢና አብረሽው ዙሪ። ስብሰባ አትጥሪ። ወረቀቱ ሲቀመጥ አጠገቡ ተቀመጪ። ሲነሳ ተነሺ። ስንት ሰዓት እንደተነካና ስንት ሰዓት እንደተኛ ጻፊ።

ሌላው፣ ፊርማ ለመቀነስ አትቸኩዪ። እያንዳንዱ ፊርማ የመጣበት ምክንያት አለው። አንድ ቀን አንድ ዕቃ ጠፍቶ፣ ወይ አንድ ሰው ተከስሶ የተጨመረ ነው። ፈራሚውን በአክብሮት "ሲፈርሙ ምኑን ነው የሚያዩት?" ብለሽ ጠይቂ። ቁጥሩን አያለሁ፣ ዋጋውን አያለሁ ካለሽ ያ ፊርማ ሥራ አለው። "ከእኔ በፊት ያሉት ስለፈረሙ" ካለሽ ግን ያ ፊርማ ቢወጣ ምንም አይጎድልም።


ሐረጎ (ደሴ–ኮምቦልቻ)
ረቡዕ፣ ቀን 7፡05

ኮምቦልቻ ነው የማስተምረው፣ ደሴ ነው የማድረው። በመካከላቸው ያለውን የሐረጎን ዳገት በየቀኑ እወጣለሁ እወርዳለሁ። የጋሼ ጡረተኛው ጽሑፍ ለተማሪዎቼ ሊነበብ የሚገባው ነው።

ሮቢት ላነሳኸው የሲስተም ጉዳይ አንድ የታወቀ ታሪክ ላምጣ። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ የፎርድ ኩባንያ በሰሜን አሜሪካ ለአቅራቢዎች ገንዘብ የሚከፍለው ክፍል ከ500 በላይ ሠራተኞች ነበሩት። ኮምፒውተር አስገብተን ወደ 400 እናውርደው ብለው አሰቡ። ከዚያ የማዝዳን ክፍል አዩ። እዚያ ያሉት 5 ሰዎች ናቸው። ማዝዳ ትንሽ ኩባንያ ቢሆንም ልዩነቱ በመጠን ብቻ የሚገለጽ አልነበረም። ሲመረምሩ የፎርድ ሠራተኞች አብዛኛውን ጊዜያቸውን የሚያጠፉት ሦስት ወረቀት በማመሳከር ነው፤ የግዢ ማዘዣ፣ የዕቃ መረከቢያና የአቅራቢው ደረሰኝ። እነዚህ ካልገጠሙ ክፍያ ይቆማል፣ ደብዳቤ ይጻፋል፣ ስልክ ይደወላል። ፎርድ የአቅራቢውን ደረሰኝ መጠበቅ ተወ። ዕቃው በር ላይ ሲደርስ ተረካቢው ከማዘዣው ጋር ያመሳክራል። ከገጠመ ይረከባል፣ ክፍያው ይወጣል። ካልገጠመ ዕቃው ከበር ይመለሳል። ሠራተኛው በ75 በመቶ ቀነሰ። የአስተዳደር ምሁሩ ማይክል ሐመር ይህን ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1990 ጽፎታል። የቢፒአር ሐሳብ በዓለም ላይ የተሰራጨው ከዚያ በኋላ ነው።

ሐሳቤ ምን መሰለህ? ኮምፒውተር የተዘበራረቀውን አሠራር እንዳለ ከተቀበለው ዝብርቅርቁን ያፈጥነዋል እንጂ አያቃናውም። መጀመሪያ መንገዱ ይቅና። ሲስተሙ ከዚያ ይከተላል።

የቦርከና ልጅ፣ አንቺ ደግሞ ነገ ጠዋት ልትሠሪው የምትችዪው ሒሳብ አለ። ያላለቁ መጠየቂያዎችን ሁሉ ቁጠሪ። ከዚያ በቀን በአማካይ ስንት እንደሚያልቅ እዪ። 40 ወረቀት ተከምሮ በቀን 2 የሚያልቅ ከሆነ፣ ዛሬ የገባው 20 ቀን ገደማ ይጠብቃል። ጆን ሊትል የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1961 በሒሳብ ያረጋገጠው ነው። ክምሩ ሳይቀንስ ሠራተኛውን "ፍጠን" ማለት ለምን እንደማይሠራ ይኼ ሒሳብ ያሳይሻል። ባለፉት ወራት ከተዘጉት ፋይሎች 30 ያህሉንም አውጪና በየፊርማው ላይ ያለውን ቀን በአንድ ወረቀት ላይ ደርድሪ። የት እንደሚተኛ ያኔ ይታይሻል። አንድ ነገር ከመለወጥሽ በፊት ይህን ያዢ። ኋላ "ተሻሽሏል" ስትዪ "ከምን?" ይሉሻል።


ዕቃ ቤት (ኮምቦልቻ)
ረቡዕ፣ ማታ 1፡50

እኔ 14 ዓመት ዕቃ ግምጃ ቤት ነው የሠራሁት። ሌላ ድርጅት ነው። የምናገረው ግን የአብዛኛውን ንብረት ሠራተኛ ስሜት ይመስለኛል።

ማሻሻያ በተባለ ቁጥር ጣት የሚቀሰረው እኛ ላይ ነው። "ንብረት ክፍል ያዘገያል።" እስቲ የሚመጣልንን መጠየቂያ እዪው። "ኩሽኔታ፣ 1 ፍሬ።" የምን ኩሽኔታ? ቁጥር የለውም። እኔ የለም ብዬ እመልሳለሁ። ገዢው ሦስት ሱቅ ዞሮ ፕሮፎርማ ሲጠይቅ ሦስቱም ቁጥር አምጣ ይሉታል። ተመልሶ መካኒኩን ይፈልጋል። መካኒኩ የማታ ሺፍት ነው። ይኸው ሁለት ቀን ሄደ። ከ370 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ ከገዛ በኋላ አልገጥም ያለ ኩሽኔታም አይቻለሁ።

ኩሽኔታ ላይ ቁጥሩ ተጽፏል። 6205 ካለ፣ የመጨረሻዎቹን 05 በ5 ስታባዢው 25 ይመጣል። የውስጡ ቀዳዳ 25 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። ውጩ 52፣ ውፍረቱ 15 ነው። ቀጥሎ ዜድ ዜድ ካለ በሁለቱም ጎን የብረት ክዳን አለው። ቱ አር ኤስ ካለ ክዳኑ ጎማ ነው፣ አቧራና እርጥበት ባለበት ቦታ ይሻላል። ይህን መጠየቂያው ላይ መጻፍ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ቺንጋም እንደዚሁ ነው፣ ጀርባው ላይ ቁጥር አለው። መጠየቂያ ቅጹ ላይ ለቁጥሩ ቦታ ይኑር። ቁጥር የሌለውን ፎርማኑ አይፈርም። ከዚህ ጀምሪ።

ሁለተኛ፣ ለምን ሁልጊዜ ሲሰበር ብቻ ይገዛል? ቢን ካርድ፣ የዕቃው ገቢና ወጪ የሚመዘገብበት ካርድ፣ አላችሁ አይደል? በዓመት ስንት ጊዜ እንደወጣ እዚያ ላይ አለ። ደጋግሞ ለሚወጣው ዝቅተኛ የክምችት መጠን ይወሰንለት። እዚያ ቁጥር ላይ ሲደርስ ማሽን ሳይቆም ይገዛ። እባክሽ ግን ይህን ስትሠሪ የንብረት ሠራተኛዋን ከጎንሽ አስቀምጪያት። ኦዲተር ሲመጣ የምትጠየቀው እሷ ናት።


መስመር አራት (ኮምቦልቻ)
ሐሙስ፣ ማታ 3፡30

ስፌት ላይ ሱፐርቫይዘር ነኝ። ሁላችሁም ስለ ወረቀት አወራችሁ፣ ስለ ሠራተኛው ላንሳ።

ቀድሞ በሠራሁበት አንድ ቦታ አንዲት ልጅ የጨርቅ ማስቀመጫውን ቦታ በመቀየር ብቻ ብዙ ጊዜ አተረፈች። አጨበጨብንላት። በሚቀጥለው ሳምንት የመስመሩ የቀን ዒላማ ከፍ ተደረገ። ክፍያው ግን ያው ነው። ከዚያ በኋላ ከዚያ መስመር አንድም ሐሳብ አልመጣም። ጓደኞቿ እሷንም ለረጅም ጊዜ ዘጓት።

ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ተናገሪ። ጊዜው ሲያጥር ሰው ይቀነሳል ወይስ አይቀነስም? የተረፈው ጊዜ ለምን ይውላል? መልሱን ከሥራ አስኪያጁ አስቀድመሽ ያዢ። በግምት ቃል አትግቢ።


የቦርከና ልጅ
እሑድ፣ ቀን 10፡00

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ያላችሁኝን አደረግሁ። ሐሙስና ዓርብን አንድ መጠየቂያ ይዤ ዋልኩ።

ጠዋት 2፡10 ላይ መካኒኩ ጻፈ። ዕቃ ቤት እንዳለው ነው፣ ቁጥር የለውም። እኔም ዝም አልኩ፣ የሚሆነውን ማየት ስለፈለግሁ። ፎርማኑ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ፈረመ። ከዚያ ወረቀቱ ትሪ ላይ እስከ ከሰዓት ተኛ። ተላላኪያችን የምትዞረው ጠዋት አንዴ፣ ከሰዓት አንዴ ነው። ጠዋት የፈረሙት ከዞረች በኋላ ከሆነ ግማሽ ቀን ይሄዳል። ይህ በየቢሮው ይደጋገማል። ያለፉትን 30 መጠየቂያዎችም ደረደርኩ። ብዙዎቹ 9 ፊርማ አላቸው። በአንድ መጠየቂያ ላይ ሁሉም ሰው ወረቀቱን በእጁ ይዞ የሚሠራበት ጊዜ ቢደመር አራት ሰዓት አይሞላም። የቀረው ሁሉ መጠበቅ ነው።

ፈራሚዎቹን ጋሼ ጡረተኛው እንዳሉኝ አድርጌ ጠየቅሁ። ሁለቱ "ከእኔ በፊት ስለተፈረመ" አሉኝ፣ ቃል በቃል። አንዷ ግን ያልጠበቅሁትን ነገረችኝ። ፊርማዋ ባይኖር ተመሳሳይ ዕቃ በአንድ ሳምንት ሁለት ክፍሎች ሲጠይቁ የሚይዘው የለም። እኔ ልሰርዘው አስቤ ነበር።

አሁን የሚከብደው መጣ። ከፍተኛው ክምር ያለው ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ ነው። መጠየቂያዎችን በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነው አንድ ላይ የሚፈርሙት። መስክ ከወጡ ደግሞ ወደሚቀጥለው ሳምንት ያልፋል። ማነቆው ሥራውን የሰጡኝ ሰው ራሳቸው ናቸው። ይህን እንዴት ነው የምነግራቸው?


ጡረተኛው
እሑድ፣ ማታ 12፡45

የኔ ልጅ፣ አንቺ አትንገሪያቸው። ያ የ30ው ዝርዝር ይንገራቸው። ስም አታድርጊበት፣ በየጣቢያው የተኛበትን ቀን ብቻ አስቀምጪ። ለብቻቸው ሲሆኑ ግቢ። በሌሎች ኃላፊዎች ፊት እንዳታደርጊው። ወረቀቱን አስቀምጠሽ ዝም በዪ፣ እሳቸው ይቁጠሩ።

መፍትሔም ይዘሽ ግቢ። እስከዚህ ዋጋ ድረስ ያለውን የጥገና ኃላፊው ይጨርስ በዪ። ከተስማሙ በደብዳቤ ይሁን። በቃል የተሰጠ ውክልና ኦዲተር ፊት አይቆምም። ሰውየውም ደብዳቤ ካልያዘ ፈርቶ አይፈርምም። እኛን የጣለን ይኼ ነው።


ቧንቧ ውሃ (ደሴ)
ሰኞ፣ ማታ 2፡20

ነርስ ነኝ። ደሴ አንድ ጤና ተቋም ውስጥ የካርድ ክፍል ማሻሻያ ላይ ሠርቻለሁ። ታካሚ ካርዱ ተፈልጎ እስኪወጣ ረጅም ሰዓት ይጠብቅ ነበር። ከሰሜንም ከምሥራቅም ከሌሊት ጀምሮ ተጉዞ የመጣ ሰው፣ ሕመም ይዞት፣ በደሴ ብርድ ወረፋ ላይ ቆሞ። እሱን እያየን ነው የጀመርነው።

የመጀመሪያው ሙከራችን ፈረሰ። ምክንያቱን ኋላ ነው የደረስንበት። አዲሱን መዝገብ ስንጀምር የድሮውንም "ለማንኛውም" ብለን ጠረጴዛው ላይ ተውነው። ሥራ ሲበዛ እጅ ወደለመደው ይሄዳል። በሁለት ወር ውስጥ አዲሱ መዝገብ ባዶ ሆነ። ሁለተኛው ጊዜ በአንድ መስኮት ብቻ ጀመርን። ሁለት ሳምንት ሞከርን፣ የጎደለውን አስተካከልን። ከዚያ ወደ ሌሎቹ ስንሄድ የድሮውን መዝገብ ሰብስበን መጋዘን ቆለፍንበት። የቦርከና ልጅ፣ ቁጥር የሌለበትን የድሮ ቅጽ ከየመሳቢያው ሰብስቢ። አንድ ጥራዝ ከቀረ ሰው እሱን ያገኘዋል።

ያንቺ መጋዘንም ለምን እንደፈረሰ የሚገባኝ ይመስለኛል። ካይዘን የሚባለው የጃፓኖች ተከታታይ የማሻሻያ ዘዴ አገራችን ውስጥ በጃፓን ድጋፍ በ30 ኩባንያዎች መሞከር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ከዚያ ወዲህ "አምስቱ ማዎች" የሚባሉት የሥራ ቦታ ማደራጃ ደረጃዎች የማይነሱበት ቦታ የለም። ሁሉም ማጣራቱን፣ ማጽዳቱን ደስ ብሎት ይሠራል፣ ስለሚታይ። የመጨረሻው ማዝለቅ ነው። እሱ ፎቶ አይነሳበትም። የማሻሻያ ቡድኑ ሲበተን ባለቤት ያጣል። እኛ ለካርድ ክፍል ኃላፊዋ ሰጠናት፣ የሥራ ዝርዝሯ ላይ ተጻፈ። በየቀኑ ጠዋት ቡና ሳይቀርብ አምስት ደቂቃ ቆመን ትናንት ረጅሙ ጥበቃ ስንት ነበር ብለን ሰሌዳው ላይ እንጽፋለን። ሌላ ስብሰባ የለንም። ዓመት አልፎታል፣ እስካሁን ይጻፋል።


ሐረጎ
ሰኞ፣ ማታ 3፡05

ቧንቧ ውሃ፣ እጅሽ ይባረክ። አንድ ብቻ ልጨምር። የቦርከና ልጅ፣ ከውጭ አገር የሚመጣውን መለዋወጫ በዚህ ሥራ ውስጥ አታካትቺ። የውጭ ምንዛሬውንና ጉምሩኩን አንቺ አታዢውም። አንድ ላይ ከደባለቅሽው አማካይ ቁጥርሽ ለውጡን አያሳይም።


የቦርከና ልጅ
ከስድስት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ፣ ቀን 9፡30

ሰላም። ዝም ያልኩት የምነግራችሁ ነገር እስኪኖረኝ ነው።

ሥራ አስኪያጁ ዝርዝሩን ሲያዩ ለረጅም ጊዜ አልተናገሩም። እስክሪብቶ አውጥተው የራሳቸውን ቀናት ደመሩ። ከዚያ "ይኼ እኔ ጋ ነው?" አሉኝ። አዎ አልኩ። በማግስቱ ውክልናው በደብዳቤ ወጣ። ከተወሰነ ዋጋ በታች ያለውን የጥገና ኃላፊው ይጨርሳል። እሳቸው ሳምንታዊ ዝርዝሩን ያያሉ። ሰው አይቀነስም የሚለውንም ራሳቸው ለሠራተኛው ተናገሩ። መስመር አራት፣ ያ ባይሆን መካኒኮቹ አይተባበሩኝም ነበር።

የጀመርነው በአንድ ክፍል ብቻ ነው። መለዋወጫውን በሦስት ከፈልነው። ደሴና ኮምቦልቻ ሱቅ የሚገኝ፣ አዲስ አበባ የሚገኝ፣ ከውጭ የሚመጣ። የመጨረሻውን ተውነው። ከንብረት ክፍሏ እህታችን ጋር ቢን ካርዶቹን ሦስት ቀን ተቀምጠን አየን። 22 ዓይነት ዕቃ ደጋግሞ ይወጣል። ለእነሱ ዝቅተኛ መጠን ወሰንን። ቁጥሩን የወሰነችው እሷ ናት፣ የትኛው ማሽን ቺንጋ እንደሚበላ ከእኔ በላይ ታውቃለች። አዲሱ ቅጽ ላይ የመለያ ቁጥር ቦታ አለ። የድሮውን ከ11 መሳቢያ ሰበሰብኩ።

ፊርማው ከ9 ወደ 4 ወርዷል። ተደጋጋሚ ጥያቄ የምትይዘዋ እህታችን ፊርማ ግን አልተነካም፣ ሥራ ስላለው። እዚሁ የሚገኘው ዕቃ አሁን በሁለትና በሦስት ቀን ይገባል። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ገና 9 እና 10 ቀን ነው። ሦስት ፕሮፎርማ በየጊዜው መሰብሰቡ አልተነካም። ለ22ቱ ዕቃዎች በዓመት አንዴ ተወዳድሮ ዋጋው የሚታሰርበት የማዕቀፍ ስምምነት እንዲሆን ጠይቀናል። ፋይናንስ እያየው ነው።

ፊርማቸው ከወጣ ኃላፊዎች አንዱ ተቀይመውኛል። ሰላምታም ቀንሰዋል። ሄጄ ልነጋገራቸው አስቤያለሁ። ቀድሜ ሳላማክራቸው ስብሰባ ላይ ነው የሰሙት። ይኼ የእኔ ጥፋት ነው።


ዕቃ ቤት
ቅዳሜ፣ ማታ 1፡10

ማሻአላህ! የንብረት ሠራተኛዋ ቁጥሩን ወሰነች የሚለውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አዲሱን ቅጽ ልታሳዪኝ ትችያለሽ? የድርጅታችሁን ስም አጥፊበት። ሰኞ ለኃላፊዬ ላሳየው ነው።


የቦርከና ልጅ
ቅዳሜ፣ ማታ 1፡35

በውስጥ መስመር ልኬልሃለሁ ወንድሜ። የቁጥሩን ቦታ ሰፋ አድርገው። የመጀመሪያውን ስናሳትም ጠቦን ስለነበር መካኒኮቹ ዜድ ዜድ የሚለውን እየተዉ ነበር።